ውሃ የማይወጣበት ምንጭ

ሰው «እሺ» ሲል እሺ የሚለው ለተነገረው ነገር ነው ወይስ ለሰማው? ከባሕር ዳር ከተመለስኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ልብስ ሳጥብም ተማሪ ስፈትንም አነሣዋለሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም። ሕግ የተማረ ጎረቤቴን ብጠይቀው «ለተነገረው ነው» አለኝ። እናቴን ብጠይቃት «ለሰማው ነዋ፣ ያልሰማውን በምን ጆሮው ይስማማል?» አለችኝ። ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል። ስለዚህ ጉዞውን እንደሆነው ልጻፈው፤ መንገዱን የማያውቅ መንገዱን ይወቅበት፣ መልስ ያለው ደግሞ ይንገረኝ።

መኖሪያዬ ደብረ ብርሃን ነው፤ ሥራዬም በዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ። ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ሲዳሩ ነበርና ፊደልን ዘግይቼ ነው የያዝኩት። ዘግይቶ ያገኘውን ደግሞ ሰው አያባክንም፤ ሰዎች «ቃል ትለቅሚያለሽ» እያሉ የሚቀልዱብኝ ለዚህ ነው።

የሄድንበት ጉዳይ እንዲህ ነው። በክልሉ ያሉ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው አንድ የኒውትሮን ምርምር ማዕከል ሊያቋቁሙ አስበዋል። ኒውትሮን በአተም እምብርት ውስጥ ያለ ቅንጣት ነው። ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም አይደለም። ወገን ስለሌለው የሚገፋውም የሚስበውም የለም፤ ወፍራም ብረት አልፎ ይሄዳል፣ ውሃ ሲያገኝ ግን እንደ ደከመው መንገደኛ ይቆማል። በዚህ ጠባዩ የተነሣ አንድን ነገር ሳይሰብሩ ውስጡን ለማየት ይጠቅማል፦ የእህል ፍሬ ውስጥ ያለውን እርጥበት፣ የአፈሩን ጠባይ፣ የጥንቱን የብረት መስቀል ልብ። መሣሪያውን አንድ የውጭ አገር ላቦራቶሪ ሊሰጠን ተስማምቷል፤ ቦታውን፣ ቤቱንና የመብራት መስመሩን ግን ክልሉ ይቻል ብሏል። ክልሉ ካልቻለ መሣሪያው ሌላ አገር ይሄዳል። ያኔ የእኛ ተማሪዎች ኒውትሮንን እንደ እስከዛሬው በጠመኔ ብቻ ይማሩታል።

የማመልከቻውን አማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኒውትሮኑ የሚመነጭበትን ክፍል «የኒውትሮን ምንጭ» አልኩት። የብርሃን ምንጭ፣ የድምፅ ምንጭ እያልን ስናስተምር ስለኖርን ቃሉ እንከን አልታየኝም።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ተነሥቼ አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ዘንድ አደርኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ጋቢ፣ ሹራብ፣ ሁለት መጽሐፍ፣ እንዲሁም ጡብ የሚያህል ነጭ የሻማ ሰም ነበር። ሰሙ ለማሳያ ነው፤ ኒውትሮን በሰም ውስጥ ሲያልፍ እንደ ውሃው ይዘገያል። የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሰሎሞን በአውሮፕላን ነው የመጣው። እኔ ግን መንገዱ ሰሞኑን ክፍት ነው ስለተባለ አውቶቡስ መረጥኩ፤ አገሬን ከላይ ሳይሆን ከጎን ማየት እፈልግ ነበር።

ሰኞ

ገና ሳይነጋ ተሳፈርን። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት የሺ ትባላለች፤ ዳንግላ ላይ ጨርቅ የምትነግድ፣ መንገዱን እንደ ጓሮዋ የምታውቅ ናት። የዓባይ በረሃን ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ስንወጣ መልሼ ለበስኩ። ደጀን ላይ ቁርስና ምሳ አንድ ሆኑ። እንጀራው ጠቆር ያለ ነበርና አስተናጋጁን «የምን ነው?» አልኩት።

«ዳጉሳ ነው። እናንተ አገር ምን ይበላል?»

«ገብስ» ስለው ሳቀ። «ለፈረስ ነው ወይስ ለሰው?»

እኛ ገብስ ሲነካብን አንወድም፤ ቢሆንም ዳጉሳው ስለጣፈጠኝ መብላቴን ቀጠልኩ።

ከደብረ ማርቆስ በኋላ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። አንድ ወጣት ወታደር ሰሙን ከሻንጣዬ አወጣና አገላበጠው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰም ነው።»

«ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን?»

እኔ «ለማሳያ ነው፣ ፓራፊን ይባላል» ልል አፌን ስከፍት የሺ ቀደመችኝ። «ሻማ የሚሆን ነው፣ ወንድሜ። ወደ ጣና ነው የሚሄድ።» ወታደሩ ሰሙን በሁለት እጁ መለሰልኝና «ለእኛም ጸልዩልን» አለ።

አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ «ምነው ዋሸሽ?» አልኳት።

«ምን አልሁና ዋሸሁ? ሰም አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ሻማ አይሆንም?»

«ይሆናል።»

«ታዲያ ምኑን ዋሸሁት? የቀረውን እሱ ጨመረበት።»

«አልሁ» የሚለው ቃሏ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እኛ «አልኩ»፣ «ሄድኩ» የምንለውን እዚያ «አልሁ»፣ «ሄድሁ» ይሉታል። እኔ ከመጽሐፍ ብቻ የማውቀውን አነጋገር ጨርቅ ነጋዴዋ ሎሚ እየመጠጠች ስትናገረው መስማት ደስ ይላል። ዳንግላ ስትወርድ የቀረውን ሎሚ ጭኔ ላይ ጥላልኝ ሄደች።

ባሕር ዳር ሲመሽ ደረስን። ያረፍኩት ፋሲሎ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ፔንሲዮን ነው፤ ባለቤቷ ወይዘሮ አስናቁ ይባላሉ። ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስገባ አዩኝና «ምነው እታለም፣ ታመሻል?» አሉ። ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት ስላቸው አዘኑልኝ። ብርድ ልብሱን ከአልጋው ላይ አንሥተው ወሰዱ፤ በምትኩ አጎበር አመጡልኝ። እኛ ዘንድ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ትንኝ የሚባል ነገር የለም፤ አጎበር ስዘረጋም የመጀመሪያዬ ነበር። በተቃራኒው ሰቅዬው ኖሮ ትንኞቹን ከእኔ ጋር ዘግቼባቸው አደርኩ።

ማክሰኞ

ባሕር ዳር ሰው ቀስ ብሎ ይሄዳል። እኛን ብርዱ ያሮጠናል፤ እዚህ ዘንባባው ሥር የሚቸኩል ባጃጅ ብቻ ነው። ከዶክተር ሰሎሞን ጋር ጉዳያችንን ወደያዘው ቢሮ ስንሄድ እኔ ሁልጊዜ ከፊት ነበርኩ።

የተቀበሉን አቶ ፈንታሁን የሚባሉ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ ኃላፊ ናቸው። ፋይሉን ፈልገው አጡት። ጸሐፊዋን ጠሩ።

«የእነዚህ ሰዎች ፋይል የት ሄደ?»

«ውሃ ዘርፍ ነው ያለው።»

«ውሃ ዘርፍ ምን ሊሠራ?»

«ምንጭ ስለሚል ነዋ» አለች ጸሐፊዋ። «ምንጭ የሚል ሁሉ ወደዚያ ነው የሚመራ።»

ዶክተር ሰሎሞን እንባው እስኪወጣ ሳቀ። አቶ ፈንታሁንም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ቃሉ የእኔ ነውና።

ፋይሉ ሲመጣ ግን ነገሩ ሁሉ የተቃና ሆኖ ተገኘ። የውሃ ዘርፉ ሰዎች ከእኛ ይልቅ ፈጣኖች ናቸው። በማመልከቻው ላይ የጠቆምነውን ሐይቅ ዳር ያለ ቦታ ሄደው አይተውታል፣ ከነዋሪዎቹም ጋር ተነጋግረዋል።

«ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል» አሉ አቶ ፈንታሁን መነጽራቸውን እያወለቁ። «ይህ ትልቁ ነገር ነው፣ ዶክተር። ነዋሪው እሺ ያላለበትን ቦታ የክልሉ ጉባኤ አይሰጥም። ዓርብ ይቀርባል። እናንተ ነገ ሄዳችሁ ሰላም በሏቸው።»

ከቢሮው ስንወጣ ዶክተር ሰሎሞን ደስታው እርምጃውን አፍጥኖለት ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ነገር ምን እንደሆነ ገና ለራሴም ግልጽ አልነበረም።

ረቡዕ

በሞተር ጀልባ ነው የሄድነው። ጀልባ ነጂው ደቅ ደሴትን በጣቱ ሊያሳየን ሞከረ፤ ጭጋግ ስለነበረ ጣቱን ብቻ አየሁ። ውሃው መካከሉ ላይ ንጹሕ ነው፤ ወደ ዳር ስንጠጋ ግን እንቦጭ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ተነጥፎበታል። እኔ ደግሞ ምንጣፍ መስሎኝ ረገጥኩት። እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ገባሁ።

ከጭቃው ያወጡኝ ሰዓዳ ናቸው፤ የሸህ እንድሪስ ባለቤት። ሸህ እንድሪስ ዓሣ አስጋሪና ታንኳ ሠሪ፣ በሰፈሩም ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። ሰዓዳ እጄን ይዘው እየጎተቱ ወደ ቤታቸው አስገቡኝ፣ ቀሚሴን ለማጠብ ወሰዱ፣ የራሳቸውን ቀሚስና ሻሽ አለበሱኝ። «አሁን የእኛ ሰው መሰልሽ» አሉኝ። ዓሣ ሊያቀርቡልኝ ሲሉ ረቡዕ መሆኑን ነገርኳቸው። አልተቀየሙም፤ ወዲያው ሽሮ ጣዱ።

«በፍስክ ቀን ብትመጪ ግን አታመልጭም። ሥጋ ቢሆን የእናንተም የእኛም እያልን እንለያይ ነበር። ዓሣ ግን አይታረድም፤ የማንም ወገን አይደለም።»

ይህን ስሰማ ከኒውትሮን ሌላ ወገን የሌለው ነገር አገኘሁ ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ወንዶቹ ውጪ ዋርካው ሥር ተሰብስበዋል፤ ዶክተር ሰሎሞን ንግግር ያደርጋል። እኔ ቀሚሴ እስኪደርቅ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ቀረሁ። በሰዓዳ ልብስ ስለሆንኩ ይሁን እንጃ፣ እንደ እንግዳ አልተጠነቀቁብኝም።

«የት በኩል ያወጡት ይሆን?» አለች አንዷ ሽንኩርት እየላጠች።

«ከመስጊዱ በላይ ቢሆን ይሻላል። ቁልቁል ይወርድልናል።»

«እኔስ የትም ይውጣ። ጀሪካኔን ከዚህ ከእንቦጩ ላይ እወረውረዋለሁ።»

«ወርውሪውና ባልሽ ነዳጁን በምን ያመጣ?»

ተሳሳቁ። ሰዓዳ ወደ እኔ ዞረው «አየሽ ልጄ፣ ጣና ዳር ተቀምጠን ውሃ እንገዛለን። የሐይቁን ሲጠጡ ልጆቹን ሆዳቸውን ያማቸዋል። አሁን ምንጭ ታወጡልናላችሁ ሲባል ያልተደሰተ የለም» አሉኝ።

ሽሮው አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥኩት። ውጪ ዶክተር ሰሎሞን «ይህ ምንጭ ለልጅ ልጆቻችሁ የሚተርፍ ነው» ሲል ሰማሁት፤ እሱ የሚያወራው ስለ ዕውቀት ነው። ሽማግሌዎቹ «አሚን» አሉ።

ቀሚሴ ስላልደረቀ ጠቅልዬ ይዤው በሰዓዳ ቀሚስ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ምንም ያልተሠራበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ረዘመ። ወይዘሮ አስናቁ አጎበሩን ራሳቸው አስተካክለው ሰቀሉልኝና «ትናንት ምን ገጠመሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም» አሉ። «ጭቃ ውስጥ ወደቅኩ» አልኳቸው። እውነት ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ከዶክተር ሰሎሞን ጋር ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ አስጠብሶ አዘዘ፤ እሾሁን እየለቀመ ለዓርብ የሚናገረውን ይለማመዳል። ልነግረው ነበር። መሣሪያውን ለማግኘት ስንት ዓመት እንደለፋ አውቃለሁ፤ ላቦራቶሪያችን ውስጥ የሚያፈሰውን ጣሪያ ራሱ ወጥቶ ሲደፍን አይቼዋለሁ። ስለዚህ በጎን በኩል ገባሁበት።

«ሽማግሌዎቹ ነገሩ በደንብ የገባቸው ይመስልሃል?»

«ስንቱ ባለሥልጣን ሳይገባው ፈርሟል፣ እነሱ ላይ ነው የምትጠነክሪው?»

«አይ፣ ብቻ ምንጭ ሲባል…»

«ምንጭ ነዋ። አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው? ጥሩ ቃል ነው።» ከዓሣው ቆርሶ አጎረሰኝ። በጎረሰ አፍ ምን ይባላል?

ወገን የሌለው ነገር ብረት አልፎ ይሄዳል ብዬ ነበር። ዝምታዬ ግን ወገን እንደያዘ በዚያ ምሳ ላይ ታወቀኝ።

ዓርብ

ጉባኤው የተቀመጠው ጠዋት ነው። አዳራሹ ሞቃት ስለነበር ሰሜ ጠርዙ ላይ መለስለስ ጀምሯል። ዶክተር ሰሎሞን ጥሩ ተናገረ። እኔም ሰሙን ይዤ ቆምኩና ኒውትሮን ብረትን አልፎ ሰም ላይ ለምን እንደሚዘገይ አስረዳሁ። አንዲት ሴት አባል «ከሩቅ ስሰማው ጦር መሣሪያ መስሎኝ ነበር» አለች። አይደለም አልኳት፤ ማብሪያው ሲጠፋ የሚጠፋ ማሽን ነው፣ ሲበራ ግን ጨረር ስላለው በወፍራም ግንብና በውሃ ይከለላል፣ ሰው አይጠጋውም። በጽሞና አዳመጠችኝ። እውነት ሲነገር ሰው ያን ያህል እንደማይደነግጥ ልብ አልኩ።

ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ «ነዋሪው ተስማምቷል?» ብለው ጠየቁ።

«በአንድ ድምፅ» አሉ አቶ ፈንታሁን።

የጠየቀኝ አልነበረም። ገና ቆሜ ነበር፣ ሰሙም እጄ ላይ ነበር። ተቀመጥኩ።

ጸደቀልን። ቦታው፣ ቤቱ፣ የመብራቱ መስመር፣ ሁሉም። ዶክተር ሰሎሞን ደረጃው ላይ ቆሞ ለባለቤቱ ስልክ ሲደውል ድምፁ ተቆራረጠበት። ማታ ወይዘሮ አስናቁ የተሳካልን መሆኑን ሲሰሙ ከጓሯቸው ማንጎ አምጥተው፣ ገና ያልበሰሉትን በገለባ ጠቅልለው ለመንገድ አሰናዱልኝ። «አገርሽ ስትደርሺ ይበስሉልሻል» አሉኝ። እኛ ዘንድ በዚያ ብርድ ማንጎ የሚበስል አይመስለኝም ነበር፤ አልነገርኳቸውም። የማልነግረው ነገር እየበዛ መጣ።

ቅዳሜ

ዶክተር ሰሎሞን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። እኔ የአውቶቡሱን ጉዞ ለማግስቱ አዛወርኩና የሰዓዳን ቀሚስ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ይዤ ወደ ጀልባው ወረድኩ። ቀሚስ መመለስ ደንበኛ ምክንያት ነው። ጀልባ ነጂው አስታወሰኝና «ዛሬ ጣውላው ላይ ነው የምትወርጂ» አለ።

ሸህ እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ታንኳ ይሠራሉ። ደንገል የሚሉትን የደረቀ የሐይቅ ዳር ቄጠማ እየጠቀለሉ፣ በጉልበታቸው ተጭነው በገመድ ያስሩታል። ሰዓዳ ቀሚሱን ተቀብለው «ከወሰድሽው ይልቅ አዲስ አድርገሽ መለስሽው» አሉና ዓሣ ሊያሰናዱ ገቡ። እኔ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ታንኳው ጠየቅኳቸው፤ ደንገሉ እያደር ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከዚያ በኋላ ይጣላል አሉኝ። ሌላም ልጠይቅ አሰብኩ። መጠየቅ ለእኔ ምግብ ነው፤ እስኪመሽ ልጠይቅ እችል ነበር።

«ሸህ እንድሪስ፣ ምንጩ ውሃ አይወጣበትም» አልኩ።

ገመዱን እንደያዙ ቀና አሉ። «ደርቋል?»

«አልደረቀም። ከመጀመሪያውም የውሃ አይደለም። ማሽን ነው። ከማሽኑ በዓይን የማይታይ ነገር ይወጣል፣ ያን ነው እኛ ምንጭ ያልነው። የሚጠጣ ነገር የለውም።»

«የሚጠጣ የለውም።»

«የለውም።»

ሰዓዳ ቢላውን እንደያዙ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ፦ ብረት እንደሚያልፍ፣ ውሃ ላይ እንደሚቆም፣ ሲበራ ጨረር እንዳለው፣ ካልተጠነቀቁበት እንደሚጎዳ፣ ስለዚህ በወፍራም ግንብና በውሃ እንደሚከበብ።

«ቆይ» አሉ ሸህ እንድሪስ። «ምንጭ ነው፣ ውሃ የለውም፣ ውሃ ውስጥ ነው የምታስቀምጡት?»

«አዎ።»

ሳቅ መጣባቸው፤ ሊይዙት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ሰዓዳ ግን አልሳቁም። «ይህ ማሽን ለማን ነው የሚጠቅም?» አሉኝ።

ለተማሪዎች፣ ለገበሬው እህል፣ ለአፈሩ አልኩ። ከዚያ ታንኳውን አየሁና የማውቀውን ብቻ ተናገርኩ። «ይህ ደንገል ውስጡ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ ሳይቆረጥ ያሳያል።»

«ሳይታረድ» አሉ ሸህ እንድሪስ።

«ሳይታረድ።»

ገመዱን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ያን ቀን እሺ ያልነው ለውሃ ነው። እሺያችንን መልሽልን።»

ዓርብ የጸደቀው ሁሉ በዚያች እሺ ላይ እንደቆመ አውቅ ነበር። ዶክተር ሰሎሞን በዚያ ሰዓት አየር ላይ ነው።

«በምን ልመልሰው፣ አባባ?»

«በአፍሽ ነዋ። በአፍ የወጣ በአፍ ይመለሳል።»

«መልሻለሁ። ያላችሁት እሺ ለእኛ አይደለም። ለአቶ ፈንታሁንም እንዲሁ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«በቃ» አሉ። «አሁን ውጪ።»

ተነሣሁ። ቦርሳዬን ስፈልግ ሰዓዳ «ቦርሳውን ተይው» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

«ከአጥሩ ውጪ ውጪና እንደ አዲስ ግቢ» አሉ ሸህ እንድሪስ። «እንግዳ ሳይጣራ አይገባም፤ ሳይገባ አይጠይቅም። እናንተ ያን ቀን ሌላ ሰው ባስገባው ወሬ ነው የገባችሁ።»

ከአጥሩ ወጣሁ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ አለው። ሁለት ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው እያለፉ፣ ባዶ እጄን አጥር ሥር መቆሜን አይተው ሰላም አሉኝ። በባሕርዬ ሰው ደጃፍ ላይ ድምፅ ማሰማት ይከብደኛል።

«ቤቶች» አልኩ።

«ማነው?» አሉ ሸህ እንድሪስ፣ ዐይተውኝ እንደማያውቁ።

«ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ነኝ።»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«አንድ ማሽን እናንተ ሰፈር ልናቆም አስበን፣ ምን እንደሆነ ልነግራችሁና ልጠይቃችሁ።»

ወደ ውስጥ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

«ሰዓዳ፣ እንግዳ መጥታለች። ዓሣውን ጨምሪበት፤ ጥያቄዋ ቶሎ የሚያልቅ አይመስልም።»